ሙቀት፣ ትኩሳትና ቅርጻቸው የተዛባ ፕሮቲኖች

በሕዋስ ውስጥ ከሚከናወነው ሥራ አብዛኛውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው፤ የተበላውን ምግብ የሚሰባብሩት፣ ኦክስጅንን በደም የሚያመላልሱት፣ ጡንቻን የሚያኮማትሩት፣ ባዕድ ተሕዋስን የሚመክቱት እነርሱ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ተግባራቸውን የሚወጡት በቅርጻቸው አማካይነት ነው። አንድ ፕሮቲን ሲሠራ በመጀመሪያ የሚገኘው አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዓይነት ጥቃቅን ክፍሎች እንደ ጨሌ በክር ተሰክተው የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ተጣጥፎና ተጠማዞ የራሱን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ብዙውን ጊዜ ለምንም ሥራ አይውልም። ይህ አተጣጠፍ ሲሳሳት፣ ወይም ከተስተካከለ በኋላ ሲፈርስ፣ ሕዋሱ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ የዚህ ዝግጅት ርእሰ ጉዳይ ነው፤ ጥያቄው በቤተ ሙከራ ብቻ የሚነሣ ቢመስልም፣ ሙቀት በሚበረታባትና ወባ በማይለያት በድሬዳዋ ግን ከነዋሪው ገላ የራቀ አይደለም።

የፕሮቲን ቅርጽ በሙቀት እንዴት እንደሚፈርስ ለማየት ማድ ቤት መግባት ይበቃል። ጥሬ እንቁላል ሲሰበር ነጩ ክፍል የሚፈስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ይህም የሆነው በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ተጠቅልለው በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ስለሚኖሩ ነው። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ማለፍ ሲጀምር የተጠቀለሉት ሰንሰለቶች መፈታት ይጀምራሉ፤ ቀድሞ ወደ ውስጥ ተሸሽገው የነበሩት፣ እንደ ቅባት ከውሃ የሚሸሹት ክፍሎቻቸው ይገለጣሉ፤ የአንዱ ገላጣ ክፍል ከሌላው ጋር እየተጣበቀ መረብ ይሠራል፤ ብርሃንም በዚህ መረብ ላይ ስለሚበተን ነጩ በእርግጥም ነጭ ይሆናል። ለዶሮ ወጥ የተቀቀለ እንቁላል የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ወደ ጥሬነቱ አይመለስም፤ ሕዋስን የሚያሠጋውም ይኸው ነው፣ የሰንሰለቱ መፈታት ሳይሆን ከተፈታ በኋላ ከመሰሎቹ ጋር መጣበቁ። የሰው ፕሮቲኖች እስኪፈቱ ድረስ ደግሞ ሁሉም 60 ዲግሪን አይጠብቁም፤ ብዙዎቹ 37 ዲግሪ ላይ የሚኖሩት ከመፍረስ ጥቂት ርቀት ላይ ሆነው ነውና፣ የሦስትና የአራት ዲግሪ ጭማሪ ደካሞቹን ለማናጋት ይበቃል።

ሰንሰለቱ ቅርጹን የሚያገኘው ከየት ነው ለሚለው ጥያቄ መሠረታዊውን መልስ የሰጠው አሜሪካዊው ኬሚስት ክርስቲያን አንፊንሰን ሲሆን፣ ከከብት ቆሽት የተገኘን አንድ አነስተኛ ኢንዛይም በኬሚካል ፈትቶ ኬሚካሉን ሲያስወግድ ኢንዛይሙ ማንም ሳይረዳው ተመልሶ እንደታጠፈና ሥራውን እንደቀጠለ አሳይቷል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1972 (ቀጥለው የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የቅርጹ ትእዛዝ በራሱ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአንፊንሰን ኢንዛይም የታጠፈው ሰፊ ቦታ ባለበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ነበር፤ ሕዋስ ግን ከጥዋት እስከ ቀትር ያለውን የድሬዳዋን የቀፊራ ገበያ ይመስላል፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ የማያልፍበት፣ ገና በመታጠፍ ላይ ያለ ሰንሰለት ከጎረቤቱ ጋር ለመጠላለፍ ሰከንድ የማይፈጅበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ሕዋስ ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚጠብቁ ፕሮቲኖች አሉት፤ እነዚህ በሳይንሱ ቋንቋ ሻፐሮን የሚባሉት ሲሆኑ፣ በአማርኛ ሞግዚት ፕሮቲኖች ቢባሉ ሥራቸውን በትክክል ይገልጸዋል። ሞግዚቱ ልጁን እንደማይወልደው ሁሉ ሞግዚት ፕሮቲንም ቅርጹን አይሰጥም፤ የሚያደርገው የሚጣበቀውን ገላጣ ክፍል ለጊዜው ሸፍኖ ይዞ፣ ሰንሰለቱ በራሱ ትእዛዝ እስኪታጠፍ ድረስ ከመጥፎ ባልንጀራ መጠበቅ ነው።

እነዚህ ሞግዚቶች የታወቁት በአጋጣሚ፣ ያውም በሙቀት ምክንያት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኔፕልስ ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የፍራፍሬ ዝንቦችን የዘር ክሮች በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ሕዋሳቱ የሚቀመጡበትን ሣጥን ሙቀት ሌላ ሰው ከፍ አድርጎት ስለነበር፣ ከዚያ በፊት ባልታዩበት ስፍራ የዘር ክሮቹ አብጠው አገኛቸው። የዘር ክር ማበጥ በዚያ ቦታ ያለው ዘረመል ሥራ መጀመሩን የሚያመለክት ነውና፣ ሙቀት አንዳንድ ዘረመሎችን ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅስ ግልጽ ሆነ፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመ። ከ12 ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ከእነዚህ ዘረመሎች የሚሠሩትን ፕሮቲኖች ለይተው አገኙና በእንግሊዝኛው የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን እንደማለት ያለ ስም ወጣላቸው፤ ስማቸውም ኤች-ኤስ-ፒ ተብሎ ያጥራል። ስሙ ግን ትንሽ ያሳስታል፤ ምክንያቱም እነዚሁ ፕሮቲኖች ሙቀት በሌለበትም ጊዜ ሥራ አይፈቱም፤ ከባድ ብረት፣ አልኮል፣ የኦክስጅን እጥረትም እንደ ሙቀት ሁሉ ያበዟቸዋል።

የሚያስደንቀው ሕዋሱ መቼ እንደሚያበዛቸው የሚያውቅበት ዘዴ ነው። ኤች-ኤስ-ኤፍ 1 የሚባል አንድ የማንቂያ ፕሮቲን አለ፤ በሰላሙ ጊዜ ሥራ ያልያዙ ሞግዚቶች ይህን ማንቂያ ይዘው ያስቀምጡታል። ሙቀቱ ወጥቶ ብዙ ፕሮቲኖች ሲፈቱ ሞግዚቶቹ ሁሉ ወደ ተጎጂዎቹ ይጠራሉና ማንቂያውን የሚይዘው ይጠፋል፤ ማንቂያውም ሦስት ሦስት ሆኖ ተጣምሮ፣ ዘረመሎች ወዳሉበት ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶ አዳዲስ ሞግዚቶች እንዲሠሩ ያዛል። ሞግዚቶቹ በዝተው ሥራ ፈቶች ሲተርፉ ደግሞ ማንቂያውን መልሰው ይይዙታል፤ ትእዛዙም ይቆማል። በዚህ አሠራር ሕዋሱ በዋነኛነት የሚቆጥረው የሙቀቱን ዲግሪ ሳይሆን የደረሰውን ጉዳት ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም፤ መሐንዲስ ተቀምጦ ቢያስብበት ከዚህ የቀለለ መሣሪያ የሚያወጣ አይመስልም።

ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው፤ በዚያው ፀሐይ ግን ሰውና ግመል አንድ ዓይነት ዘዴ አይከተሉም። ሰው ላብ እያፈሰሰ የገላውን ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ይጥራል። የጠማው ግመል ግን ውሃውን በላብ ከማባከን ይልቅ ሙቀቱን በገላው ውስጥ ያከማቻል፤ ኖርዌያዊው ተመራማሪ ክኑት ሽሚት-ኒልሰን በ1950ዎቹ በሰሐራ በረሃ ባደረገው ልኬት፣ ውሃ ያልጠጣ ግመል በማለዳ 34 ዲግሪ የነበረው የገላ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ለሰው ይህ ሐኪም ቤት የሚያስገባ ትኩሳት ሲሆን፣ ለግመል ሕዋሳት ግን የዘወትር ነገር ነው፤ ስለዚህም የግመል ሞግዚት ፕሮቲኖች የተመራማሪዎችን ዓይን ስበዋል። ሰውም ቢሆን ጨርሶ የማይለምድ አይደለም፤ ከደጋ ወርዶ ድሬዳዋ የገባ ሰው በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙቀቱን መልመድ ሲጀምር፣ ላቡ ቶሎ መምጣቱና የደሙ ውሃ መጨመሩ ዋናውን ድርሻ ቢይዙም፣ ሕዋሳቱም ኤች-ኤስ-ፒ 70 የሚባለውን ሞግዚት ከቀድሞው አብዝተው ማስቀመጣቸው በጥናት ታይቷል። ይህ አቅም ገደብ አለው፤ የገላው ሙቀት 40 ዲግሪን አልፎ ሲቆይ፣ በሙቀት መመታት በሚባለው ከባድ ሕመም፣ የፕሮቲኖቹ መፍረስ ከሞግዚቶቹ ፍጥነት ይቀድማል።

እስካሁን የተነገረው በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚኖሩት ፕሮቲኖች ነው። በሕዋሱ ውስጥ ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት፣ በተለይም ወደ ውጭ የሚላኩትና በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚተከሉት፣ የሚታጠፉት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በተባለ፣ የሕዋሱን እምብርት ከቦ በተዘረጋ የስስ ሽፋን መረብ ውስጥ ነው። በዚህ መረብ ውስጥ የተዛቡ ፕሮቲኖች ሲከማቹ ዜናው ወደ እምብርቱ የሚደርስበትን መንገድ ፒተር ዎልተር በሳን ፍራንሲስኮ፣ ካዙቶሺ ሞሪ ደግሞ መጀመሪያ በአሜሪካ ኋላም በጃፓን፣ በእርሾ ላይ በየፊናቸው መርምረው ደረሱበት፤ በ1993 ሁለቱም ኢር 1 የተባለውን የመጀመሪያውን ወሬ ነጋሪ ይፋ ያደረጉ ሲሆን፣ በ2014 የላስከር ሽልማትን ተጋርተዋል። በሰው ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወሬ ነጋሪዎች ሦስት ናቸው። ኢር 1 አንድን የዘረመል መልእክት ቆርጦ በመቀጠል ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን እንዲወጣው ያደርጋል፤ ኤ-ቲ-ኤፍ 6 ራሱ ተቆርጦ ወደ እምብርቱ ይሄዳል፤ የሁለቱም ትእዛዝ ሞግዚት ይጨመር፣ መረቡ ይስፋ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ፐርክ የሚባለው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚቆጥብ ነው፤ ኢ-አይ-ኤፍ 2 በሚባለው የፕሮቲን ማምረቻ ማስጀመሪያ ላይ ፎስፌት በመለጠፍ አዲስ ፕሮቲን መሥራት ለጊዜው እንዲገታ ያደርጋል፣ ምክንያቱም የተከመረው ሳይስተካከል ተጨማሪ ማምጣት ክምሩን ከማሳደግ በቀር ጥቅም የለውም።

ሦስቱም አልሆን ሲሉ፣ ማለትም የተዛቡት ፕሮቲኖች ክምችት የፈጠረው ጭንቀት ሳይፈታ ሰዓታትና ቀናት ሲያስቆጥር፣ ይኸው ሥርዓት ፊቱን ያዞርና ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። ከጤና ወደ ሕመም የሚያሻግረው መስመርም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የተዛባ ፕሮቲን በየደቂቃው በጤናማ ሰው ሕዋስ ውስጥም ይሠራል፣ ይስተካከላል ወይም ይጣላል፣ ሕመም የሚሆነው ምላሹ ሲያንስ፣ ሲበዛ ወይም ሲረዝም ነው።

ቆሽት ውስጥ ያሉት ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳት ይህን ከማንኛውም ሕዋስ የተሻለ ያሳያሉ። ከምግብ በኋላ አንዱ ሕዋስ ብቻ በደቂቃ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ የጥሬ ኢንሱሊን ሞለኪውሎችን እንደሚያመርት ይገመታል፤ እያንዳንዱም በሦስት ቦታ በሰልፈር ድልድይ መያያዝ አለበት። ከልደት ጀምሮ ፐርክ የማይሠራላቸው ሕፃናት ዎልኮት-ራሊሰን የተባለ ብርቅ ሕመም የሚይዛቸው ሲሆን፣ ማምረቱን የሚገታላቸው ስለሌለ የኢንሱሊን ሕዋሶቻቸው በሕፃንነታቸው ይጠፉና የስኳር ሕመምተኛ ይሆናሉ፤ ይህ የምላሽ ማነስ ነው። በአዋቂነት በሚመጣው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ደግሞ ገላ ለኢንሱሊን አልታዘዝ ስለሚል ቆሽት ለዓመታት ከአቅሙ በላይ እንዲያመርት ይገደዳል፤ የጭንቀቱ ምላሽ ሳይቆም ይቀጥላል፤ መጨረሻውም ሕዋሳቱን ለማዳን የተነሣው ማንቂያ እነርሱኑ ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ መሆኑ ነው።

የማይስተካከለውን ማስወገድ ሌላው ሥራ ነው። ሕዋሱ ሊጣል በተወሰነበት ፕሮቲን ላይ ዩቢኩዊቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ደጋግሞ ይለጥፍበታል፤ ምልክት የተለጠፈበትም ፕሮቲያዞም ወደሚባል በርሜል መሰል ማሽን ገብቶ ይከታተፋል። ይህን ያገኙት አሮን ቺካኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ወደ በርሜሉ የማይገባው ትልቅ ክምር ደግሞ በሽፋን ተጠቅልሎ ሕዋሱ በራሱ የሚፈጨው ሲሆን፣ ሂደቱ ኦቶፋጂ ይባላል። መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የደም ካንሰር ሕዋሳት ፀረ-እንግዳ ፕሮቲን ያለማቋረጥ ስለሚያመርቱ ያለዚህ በርሜል መኖር ይከብዳቸዋል፤ ከ2003 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ የተባለው መድኃኒትም በርሜሉን ዘግቶ በገዛ ቆሻሻቸው እንዲታፈኑ የሚያደርግ ነው። አልዛይመርና ፓርኪንሰን የመሳሰሉት የአንጎል ሕመሞችም፣ የእያንዳንዳቸው ክምር የተለየ ፕሮቲን ቢሆንም፣ ሞግዚቶቹና ማስወገጃዎቹ በዕድሜ ሲደክሙ የሚበረቱ ናቸው።

በኢትዮጵያ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ነገር ግን ከዚህ ጋር የማያያይዘው የተዛባ ፕሮቲን ሕመም የዐይን ሞራ ግርዶሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የደረሰው በሞራ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። በዐይን ሌንስ መካከል ያሉት ሕዋሳት ብርሃን እንዳይጋርዱ እምብርታቸውንም የፕሮቲን ማምረቻቸውንም ገና ከመወለድ በፊት አስወግደዋልና፣ በ70 ዓመት ሽማግሌ ሌንስ መካከል ያለው ፕሮቲን የሽማግሌው እኩያ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሞግዚት ይጨመር ብለው ማዘዝ ስለማይችሉ፣ ከመጀመሪያው አልፋ-ክሪስታሊን የሚባል ሞግዚት በብዛት ተሰንቆላቸዋል፤ ስንቁ ግን አይተካም። በፀሐይ ጨረርና በዕድሜ የተጎዱት ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ሲይዙት ያልቅና፣ የቀሩት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሌንሱን በትክክል እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ያደርጉታል። እንቁላሉ ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ ሌንሱም አይመለስምና፣ ሕክምናው እስከ ዛሬ ሌንሱን በቀዶ ጥገና አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት ነው።

ቀይ የደም ሕዋስም እንዲሁ እምብርት የለውም፤ ለ120 ቀን ያህል የሚኖረው ሲወለድ በተሰጠው ፕሮቲን ብቻ ነው። ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም በዘር ለውጥ ምክንያት ቅርጹን መያዝ በሚያዳግተው ሰው ውስጥ፣ ያረጁት ቀይ ሕዋሳት ኢንዛይሙን ቀስ በቀስ ያጡና፣ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት ከጉበት ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኩይን ሲወሰድ ሊፈነዱ ይችላሉ። ይህ መልስ መስጠት የማይችል ሕዋስ ነው እንግዲህ የወባ ተሕዋስ ለመኖሪያነት የመረጠው።

ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ እንደ አካባቢው አየር በምትሞቀው ትንኝ ገላ ውስጥ ቆይቶ፣ በአንዲት ንክሻ 37 ዲግሪ ወዳለው የሰው ገላ ይገባል፤ ከዚያም በየ48 ሰዓቱ ቀይ ሕዋሳትን እያፈነዳ ሲወጣ ሕመምተኛውን የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ትኩሳቱ ተሕዋሱንም ያቃጥለዋል። ነገሩን የሚያባብሰው ከተሕዋሱ ፕሮቲኖች ሩብ ያህሉ አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድ ተደጋግሞ የተሰካባቸው መሆናቸው ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶች በሌሎች ፍጥረታት ውስጥ በቀላሉ የሚጣበቁ ናቸውና፣ ተሕዋሱ በእያንዳንዱ ትኩሳት እንደ እንቁላል ነጭ መርጋት ይገባው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሴንት ሉዊስ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው ከዚህ የሚያድነው ኤች-ኤስ-ፒ 110 የተባለ እጅግ ብርቱ ሞግዚት ነው። ተሕዋሱ ለራሱ ብቻም አይደለም የሚጨነቀው፤ ቤቱ ያደረገው ቀይ ሕዋስ የራሱን አዲስ ሞግዚት መሥራት ስለማይችል፣ ከሞግዚቶቹ አንዱን ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ይልክለታል።

ድሬዳዋ በዚህ ተሕዋስ ምክንያት የዓለም ተመራማሪዎች መነጋገሪያ የሆነችው በ2022 ነው። በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን ብቻ በተመዘገቡባት ከተማ ከጥር እስከ ግንቦት 2022 ባሉት ወራት ብቻ፣ ያውም አብዛኛው ጊዜ ደረቅ በሆነበት ወቅት፣ ከ2,400 የሚበልጡ ተመዘገቡ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በከተማዋ ባካሄዱት፣ በ2023 በኔቸር ሜዲሲን መጽሔት በወጣው ጥናት፣ ሕሙማኑ በብዛት የተገኙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች ትንኝ በምትገኝበት ቤት አካባቢ ሆነ። ይህች ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በኢትዮጵያም በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የታየች ናት፤ የምትራባውም እንደ ሌሎቹ የወባ ትንኞች በዝናብ ኩሬ ብቻ ሳይሆን በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ሥፍራ የውሃ ገንዳ ስለሆነ፣ ውሃ በሚቋጠርበት ከተማ በጋ አያግዳትም። ጥናቱ ሌላም ነገር አገኘ፤ በሕሙማኑ ደም የነበሩት ተሕዋሳት በአብዛኛው የአንድ ዘር ግልባጭ ሲሆኑ፣ ኬልች 13 በተባለ ፕሮቲናቸው ላይ የመድኃኒት መቋቋም ምልክት የሆነ ለውጥ ነበራቸው።

ለውጡ ሲታይ ኢምንት ነው፤ ከ726 አሚኖ አሲዶች መካከል 622ኛው፣ አርጂኒን የነበረው፣ አይሶሉሲን ሆኗል። ይህን ለመረዳት የወባ መድኃኒት የሆነው አርቴሚሲኒን ተሕዋሱን እንዴት እንደሚገድል ማወቅ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ የሚገኘው አርቴሚሲያ አኑዋ ከተባለ የቻይና ተክል ሲሆን፣ ለዘመናዊ ሕክምና ያበቁት ቱ ዮዮ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል፤ በኢትዮጵያ የታወቀው ጭቁኝ የዚህ ተክል ዘመድ ቢሆንም የመድኃኒቱ ምንጭ እርሱ አይደለም፣ ለወባም አይተካውም። በኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ የሚሰጠው፣ ሕዝቡ ኮአርተም የሚለው፣ ከዚህ ወገን የሆነው አርቴሜተር ከሉሜፋንትሪን ጋር የተጣመረበት ነው። ተሕዋሱ የቀይ ሕዋሱን ሄሞግሎቢን ሲበላ ሄም የተባለው ብረት ያዘለ ክፍል ይለቀቃል፤ የመድኃኒቱ የኦክስጅን ድልድይ በዚህ ብረት ተሰብሮ እጅግ ቁጡ ሞለኪውል ይሆንና ከመቶ በላይ በሆኑ የተሕዋሱ ፕሮቲኖች ላይ እየተለጠፈ ያበላሻቸዋል። በ2018 የሜልቦርን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ መድኃኒቱ የተበላሹትን የሚያስወግደውን ፕሮቲያዞምንም ያውካል፤ ቆሻሻውን እያበዛ መጣያውን ይዘጋል ማለት ነው።

የሚቋቋመው ተሕዋስ የሚያመልጠው በሁለት መንገድ ነው። ኬልች 13 ተሕዋሱ ሄሞግሎቢን በሚጎርስበት በር ላይ የሚሠራ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ሲለወጥ ጉርሻው ያንሳል፤ ሄሙ ሲያንስም የሚቀሰቀሰው መድኃኒት ያንሳል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ በታወቁት ለውጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የተለወጠው ኬልች 13 በተሕዋሱ ውስጥ መጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ በሌላ አነጋገር የአንድ ፕሮቲን መጉደል ለተሕዋሱ ጉዳት ሳይሆን መሸሸጊያ ሆኖታል። ሁለተኛው መንገድ ከዚህ በላይ የተነገረው ፐርክ ያለበት ነው፤ ተሕዋሱም ፒ-ኬ 4 የተባለ የፐርክ አምሳያ አለው፤ በ2017 እንደታየው መድኃኒቱ ፕሮቲኖቹን ማበላሸት ሲጀምር ይህ አምሳያ የማምረቻውን ማስጀመሪያ ይገታውና ተሕዋሱ እንደ ሞተ ተኝቶ፣ በደም ውስጥ ለሰዓታት ብቻ የሚቆየው አርቴሚሲኒን እስኪያልፍ ይጠብቃል። የሕፃናቱን ቆሽት ባለመኖሩ ያጠፋው መግቻ ለተሕዋሱ በመኖሩ ሕይወት ሆነው። ኮአርተም በዚህ ምክንያት ማዳኑን አላቆመም፤ የተኛው ተሕዋስ ሲነቃ በደም ውስጥ ለቀናት የሚሰነብተው ሉሜፋንትሪን ይጠብቀዋልና፤ ኪኒኑን በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ የሚያቋርጥ ሕመምተኛ የሚያስቀረው ግን ይህንኑ ዘበኛ ነው። በቤተ ሙከራ ደረጃ የተሕዋሱን ፕሮቲያዞም የሚዘጉ ውሕዶች ከአርቴሚሲኒን ጋር ሲሰጡ አንዱ የሌላውን ኃይል እንደሚያጎለብት ታይቷል፤ ለደም ካንሰር የዋለው ሐሳብ ወደ ወባ እየተሻገረ ነው።

የድሬዳዋዎቹ ተሕዋሳት ኤች-አር-ፒ 2 የተባለውን፣ በጤና ጣቢያ ሲሠራባቸው የቆዩት ፈጣን የወባ መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመልም ጠፍቶባቸው ተገኝተዋል። ፕሮቲኑ ከሌለ የመመርመሪያው ቀይ መስመር አይወጣምና፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ወባ የለብህም ተብሎ ሊሰናበት ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚታመነው ከጣት የተወሰደ የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ተቀብቶና ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት የቆየው ዘዴ ነው። የመድኃኒቱ መድከም የሚለካውም በዚሁ ነው፤ ሕክምናው ከተጀመረ በሦስተኛው ቀን ከዚያው ሰው ሌላ ጠብታ ይወሰዳል፣ ባለሙያውም በቀዩ ሕዋስ ውስጥ ቀለበት የመሰለ፣ ተኝቶ የቆየ ተሕዋስ ይቀር እንደሆነ ይቆጥራል።